ኒቆዲሞስ በሰሎሞን ወንዝ ዳር

የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ ኒቆዲሞስ ይባላል። ይህን ስም ከልጅነቱ ጀምሮ በቅዳሴ የሰማ ሰው፣ በሌሊት ወደ ጌታ መጥቶ ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ዳግመኛ እንደሚወለድ የጠየቀውን የአይሁድ መምህር ያስታውሳል። በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት ሰሜን ምዕራብ፣ ግራሃም በሚባለው ካውንቲ ውስጥም ኒቆዲሞስ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከሰሎሞን ወንዝ ደቡባዊ ገባር አጠገብ፣ ዐይን እስኪደክም በተዘረጋ የሣርና የስንዴ ሜዳ ላይ ነው ያለችው። ሰሎሞንና ኒቆዲሞስ ጎን ለጎን ሲገኙ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ አንድ ሰባኪ አካባቢውን ሁሉ ስም እያወጣለት ያለፈ ይመስላል።

እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ እንዲህ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የወንዙ ስም ሳልሞን ከሚባል የፈረንሳይ ሹም የመጣ እንጂ የንግሥት ሳባን ወዳጅ እንደማይመለከት ይነገራል። የመንደሪቱ ስም ደግሞ ከወንጌል ቢነሣም እዚያ ሜዳ የደረሰው በአንድ ባሪያ በኩል ዞሮ ነው።

ከሥሩ እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የኒቆዲሞስ ከተማ ኩባንያ የተቋቋመው ሚያዝያ 1877 ነው። ፕሬዚዳንቱ ደብልዩ. ኤች. ስሚዝ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ አብሮት የሠራው ደብልዩ. አር. ሂል የሚባል ነጭ የመሬት ደላላ ነበር። ባርነት በሕግ ከቀረ ገና 12 ዓመቱ ነው። በኬንታኪ ግዛት ነፃ ከወጡት ሰዎች ብዙዎቹ የሚያርሱት ያኔም የቀድሞ ጌቶቻቸውን መሬት ነበር። ኩባንያው በራሪ ወረቀት አሳትሞ በየአብያተ ክርስቲያናቱ በተነ፤ ኑ፣ በካንሳስ መሬት አለ፣ ከተማውም የእናንተ ነው የሚል።

የስሙ ምስጢር ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ሄንሪ ክሌይ ወርክ የሚባል የዜማ ደራሲ በ1864፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሳያበቃ፣ ስለ አንድ ኒቆዲሞስ ዘፈን አሳትሞ ነበር። የዘፈኑ ኒቆዲሞስ ከአፍሪካ መጥቶ በወርቅ የተሸጠ፣ ሊመጣ ያለውን የሚናገር ሽማግሌ ባሪያ ነው። ሲሞት በአንድ ባዶ ግንድ ውስጥ ይቀበራል፤ የነፃነት ቀን ሲደርስ እንዲቀሰቅሱትም አደራ ይላል። የከተማው ኩባንያ ይህን ዘፈን ወሰደና ግጥሙን ለራሱ አስተካክሎ በወረቀቱ ላይ አሰፈረው። በመጀመሪያው ግጥም ሰዎቹ የሚቃጠሩት በደቡብ፣ ረግረግ ውስጥ ባለ ዛፍ ሥር ነው። በወረቀቱ ላይ ግን ቀጠሮው ወደ ታላቁ የሰሎሞን ሸለቆ ተዛወረ። ለእኔ ይህች አንዲት ለውጥ ከብዙ ሰነድ ትበልጣለች፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች የትኛውን ኒቆዲሞስ እያሰቡ እንደነበር ታሳያለችና።

ከዘፈኑ ጎን በአፍ የሚወርድ ሌላ ወግም አለ። ኒቆዲሞስ በሁለተኛው የባሪያ መርከብ አሜሪካ የገባ የአፍሪካ ልዑል ነበር፤ በኋላም ራሱን በገንዘብ ዋጅቶ ነፃ ወጣ ይላል። ስሙ የወንጌሉ መምህር ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወረቀቱን አምናለሁ። ይሁን እንጂ አፍሪካዊው ባሪያ ያንን የወንጌል ስም ሲሸከም፣ የዳግም ልደት ጥያቄውንም አብሮ ተሸክሞት ኖሯል። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚሉት እንዲህ ያለውን ይመስለኛል።

በመስከረም 1877 ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ከኬንታኪ መጡ። ባቡሩ ኤሊስ እስከምትባል ከተማ ድረስ አደረሳቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሜዳው ላይ የሚኬድ ነበር። በቀጣዩ ጸደይ የመጣችው ዊሊያና ሂክማን ያን መንገድ በሽምግልናዋ ተርካዋለች። ኤሊስ ላይ ኩፍኝ ገብቶባቸው ልጆች ቀበሩ። ሁለት ቀን ተጉዘው ሲደርሱ ባሏ «ኒቆዲሞስ ያቻት» እያለ ቢያሳያትም፣ እሷ ያየችው ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጭስ ብቻ ነበር። በሜዳው ላይ ለቤት የሚሆን ዛፍ ስለሌለ ሰዎቹ አፈሩን ቆፍረው ነበር የሚኖሩት። አለቀሰች። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ በግንድ ውስጥ የተቀበረው ሽማግሌ ትዝ ይለኛል፤ በስሙ የተጠሩት ሰዎችም የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፉት ከመሬት በታች ነው። በዚያ ክረምት ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ሕንዶች ሥጋ እንዳካፈሏቸው ይተረካል።

ከዚያ በኋላ መንደሪቱ ቀና አለች። ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ ሱቆች፣ ጋዜጦችም ኖሯት። በ1878 የመጣው ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ዋና ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ፤ ከደቡብ ግዛቶች ውጭ እንዲህ ላለ የግዛት ሥልጣን የተመረጠ ጥቁር ከእሱ በፊት አልነበረም። በ1888 ግን የባቡር ሐዲዱ አልፏት ሄደ። ሐዲዱን ለመሳብ ሕዝቡ 16,000 ዶላር ቦንድ ለማውጣት ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ባቡሩ በወንዙ ማዶ አለፈ፤ ነጋዴዎቹም ሱቃቸውን እየነቀሉ ቦግ ወደምትባለው አዲስ ጣቢያ ተሻገሩ።

የካውንቲው ዋና ከተማ ሂል ሲቲ ትባላለች። የእንግሊዝኛውን ትርጉም ይዞ በኮረብታ የተሰየመች የሚመስለው ብዙ ነው፤ የተሰየመችው ግን በዚያው ደላላ፣ በሂል ነው። ካውንቲው ራሱ የተጠራው በእርስ በርስ ጦርነቱ በወደቀ ግራሃም በሚባል ሻምበል ስም ነው። የደላላውና የመኮንኑ ስም ካርታውን ሲይዙ፣ የኒቆዲሞስ ፖስታ ቤት በ1953 ተዘጋ፤ የመንደሪቱ ደብዳቤም በቦግ አድራሻ መምጣት ጀመረ። ብዙ የሜዳው መንደሮች ስማቸው የጠፋው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

የኒቆዲሞስ አልጠፋም። በ1976 ብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት ተባለች፤ በ1996 ደግሞ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር የታሪክ ሥፍራ ሆነች። ጎብኚ የሚያያቸው አምስት ሕንፃዎች አሉ፦ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት፣ የ1918ቱ ትምህርት ቤት፣ የቅዱስ ፍራንሲስ ሆቴል፣ በ1939 የተሠራው የመንደሩ አዳራሽ። ከውጭ ሲታዩ ተራ ቤቶች ናቸው። ስማቸውንና ታሪካቸውን ሳይሰማ የሚያልፍ መንገደኛ መኪናውን የሚያቆምበት ምክንያት አይኖረውም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ የሚያቆመን ነገር አለ። የዚያ አካባቢ ጥቁር ገበሬዎች በአንድ ወቅት ጤፍ ዘርተው ሞክረዋል፤ ድርቅ ይችላል፣ በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያንም ገበያ ይሆናሉ ብለው። በኒቆዲሞስ ስም በሚጠራ አፈር ላይ የጤፍ ዘለላ ሲወዛወዝ ማሰብ ልቤን ይነካዋል።

ዛሬ በመንደሪቱ የሚኖሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። በየዓመቱ በሐምሌ መጨረሻ ግን ከ1878 ጀምሮ የሚከበረው የነፃነት በዓል ሲደርስ፣ ተወላጆቹ ከዴንቨር፣ ከካሊፎርኒያና ከሌላም ቦታ ልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። በአዳራሹ ምግብ ይቀርባል፤ በመንገዱ ሰልፍ ይወጣል። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ እዚያ አድረው አያውቁም፤ ከየት ናችሁ ሲባሉ ግን ኒቆዲሞስ ይላሉ።