ጥርኝ ውኃ

ጥርኝ ውኃ፦ በመዳፍ የሚያዝ ጥቂት ውኃ፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ሰማያዊ ዋጋ የማይታጣበት የትንሽ በጎ ሥራ ምሳሌ። መሠረቱ ማቴዎስ 10፥42 ነው፤ ክርስቶስ በደቀ መዝሙር ስም አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ሰው ዋጋው እንደማይጠፋበት ያስተማረበት።

ምሳሌውን በሕዝብ ልብ ያተመው ግን በተአምረ ማርያም የሚነበበው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። የቅምር አገር ሰው የሆነው በላዔ ሰብእ ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ሰው በልቷል። በመንገዱ ያገኘው በጥም የነደደ ለምጻም በእግዚአብሔር ስም፣ በጻድቃን ስም ቢለምነው አልራራለትም። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጊዜ ልቡ ተነካ፤ ጉሮሮ በቅጡ የማያርስ ውኃ በመዳፉ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ ለፍርድ ቀረበች። የበላቸው ሰዎች በአንድ ወገን፣ ጥርኙ ውኃ በሌላው ሆኖ ተመዘነ፤ ኃጢአቱ መዘነ። እመቤታችን ጥላዋን በውኃው ላይ ብታሳርፍበት ግን ውኃው ሚዛን ደፋ፤ ነፍሱም ዳነች።

ታሪኩን የኃጢአት ስርየትን በውኃ መግዛት ይቻላል የሚል አድርጎ የሚያነበው ይሳሳታል። ውኃው ብቻውን አልመዘነም፤ ሚዛኑን ያስደፋው የእመቤታችን ምልጃና የልጇ ቸርነት ነው። ሰውየው ያደረገው አንዲት ቅጽበት ብቻ መራራት ነው፤ ያችም አልተረሳችለትም።

ሚዛኑና ጥላዋን የምታሳርፈው እመቤታችን በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሥለዋል። ታሪኩ በተለይ የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ይሰበካል።