አዮናይዜሽን

አዮናይዜሽን ማለት አንድ አቶም ወይም ሞለኪውል ኤሌክትሮን በማጣት ወይም በመቀበል የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ያለው አዮን የሚሆንበት ሂደት ነው። ኤሌክትሮን ያጣው ፖዘቲቭ ሙል ስለሚኖረው ካታዮን፣ የተቀበለው ደግሞ ኔጋቲቭ ሙል ስለሚኖረው አናዮን ይባላል። «አዮን» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1834 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ ሲሆን፣ ቃሉ በግሪክኛ «ሂያጅ» እንደ ማለት ነው።

የአዮናይዜሽን ጉልበት

ኤሌክትሮንን ከአቶም ለማላቀቅ የሚያስፈልገው አነስተኛ ጉልበት የአዮናይዜሽን ጉልበት ይባላል። መጠኑ ለሃይድሮጅን 13.6፣ ለሂሊየም 24.6፣ ለሶዲየም 5.14 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ሶዲየም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት። በውጪው ምህዋር ያለው አንዱ በቀላሉ ይለቃል፤ ሁለተኛውን ለማውጣት ግን 47.3 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል፤ ይህኛው ለአስኳሉ ይበልጥ ቅርብ ከሆነና ከሞላ ምህዋር የሚወጣ ነውና።

የሚከሰትባቸው መንገዶች

* በግጭት፦ በመብረቅና በኒዮን መብራት ውስጥ ፈጣን ኤሌክትሮኖች የጋዝ አቶሞችን እየመቱ ሌሎች ኤሌክትሮኖችን ያስወጣሉ።
* በብርሃን፦ ከፀሐይ የሚመጣ አልትራቫዮሌትና የራጅ ጨረር ከምድር በላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ያለውን አየር አዮን ያደርጋል። ይህ ክፍል አዮኖስፌር ይባላል። የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ወደ ምድር የሚመልሰው እሱ ነው፤ ከሩቅ አገር የሚተላለፉ የአማርኛ ዝግጅቶች በአጭር ሞገድ የሚደመጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።
* በኬሚካዊ ለውጥ፦ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለው ጋዝ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሞለኪውሉ ተከፍሎ አዮኖች ይፈጠራሉ። የገበታ ጨው ግን ቀድሞውኑ ከሶዲየምና ከክሎራይድ አዮኖች የተሠራ ስለሆነ፣ ሲሟሟ አዮኖቹ ይለያያሉ እንጂ አዲስ አይፈጠሩም።

አዮን የሚያደርግና የማያደርግ ጨረር

ጨረር አዮን ማድረግ አለማድረጉን የሚወስነው የጨረሩ ብዛት ሳይሆን የእያንዳንዱ ፎቶን ጉልበት ነው። የሕክምና ራጅ አንድ ፎቶን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኤሌክትሮን ቮልት ሊይዝ ይችላል። በመሆኑም በሰውነት ውስጥ ያለውን ውሃና ዲ ኤን ኤ አዮን አድርጎ ሊጎዳ፣ ጉዳቱም ካልተጠገነ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ባለሙያዎች ራጅ ሲያነሱ ከመከለያ ጀርባ የሚቆሙት ለዚህ ነው።

በአንጻሩ የሞባይል ስልክ ሞገድ አንድ ፎቶን የ1 ኤሌክትሮን ቮልትን አሥር ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ሞገዱ ቢበረታ ገላን ሊያሞቅ ይችላል እንጂ ኤሌክትሮን ከአቶም አያላቅቅም። ስለዚህ ሁለቱም «ጨረር» ቢባሉም በሰውነት ላይ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው።