ሌንሱስ መጣ፣ ውሃውስ?

ፎቶ አንሺዎች ሲገናኙ ስለ ምን የሚያወሩ ይመስላችኋል? ስለ ፎቶ ብሎ የሚገምት የዋህ አይጠፋም። ወሬው ግን ስለ ሌንስ ነው። በእጃቸው ስላለው ቢሆን ደግ ነበር፤ ገና ስለሚመጣው ነው እንጂ። ካነን ዘንድሮ ምን ሊያወጣ ነው? ሲግማ ለየትኛው ካሜራ ሊሠራ ነው? ያ 85 ሚሊ ሜትር ዋጋው መቼ ነው የሚወርደው? ጨዋታው አዲስ አበባም፣ ድሬዳዋም፣ ጭሮም (ለለመዳችሁት አሰበ ተፈሪም) ያው ነው። ልዩነቱ፣ ጭሮ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ሌንሱ ባሕር ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ አንድ ሁለት ባለቤት ለውጦ፣ ከዚያም 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እስኪደርሰው መታገሥ ያለበት መሆኑ ነው።

እኛም እንደ ማንኛውም ሰው ትንበያ እንወዳለን፤ የራሳችንንም ሳንናገር አንሰነባበትም። አስቀድመን ግን ወደ ኋላ እንመለስ። በሐረርጌ መንገድ ላይ ሌንስ መጠበቅ የትናንት ነገር አይደለም፤ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል። (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለቅኔው ፎቶ አንሺ

ራምቦ ስንል ያንን ባለ መትረየሱን የፊልም ጀግና ማለታችን አይደለም። ፈረንሳዊውን ባለቅኔ አርተር ራምቦን ነው። ሰውዬው ገና በወጣትነቱ ግጥምን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ በ1880 መጨረሻ ሐረር የገባው ቡናና ቆዳ ለሚገዛ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ነበር። ሐረር ያኔ በግብጾች እጅ ነበረች።

በ1882 መጀመሪያ፣ ኤደን ወደብ ላይ ሆኖ፣ ዕቅዱን በደብዳቤ ይዘረዝራል። ስለ ሐረርና በዙሪያው ስላለው የኦሮሞ አገር መጽሐፍ ይጽፋል፤ ካርታና ፎቶግራፍ ያስገባበታል፤ ለፈረንሳይ የጂኦግራፊ ማኅበር ያቀርበዋል። ካሜራውም ከሊዮን ከተማ ታዟል። ዕቃው ሳይደርስ ሥራው በሐሳብ አልቋል! ዛሬ ይህን የሚያደርግ ፎቶ አንሺ የማያውቅ ማን አለ? ዕቃው የደረሰው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1883 የመጀመሪያ ወራት ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ራምቦ ከሐረር ለቤተሰቡ የራሱን ፎቶዎች ላከ። ያነሳውም እሱ፣ የተነሳውም እሱ ነው፤ እኛ ሰልፊ የምንለው መሆኑ ነው። አንዱ ላይ በቤቱ ሰገነት ቆሟል፤ ሌላው ላይ በቡና ተክል መካከል፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ በሙዝ ተክል መካከል እጁን አጣጥፎ ይታያል። ገበያውም እንደ ደራለት ይናገራል፤ ሁሉም ሰው ፎቶ መነሳት ይፈልጋል፣ ለአንድ ፎቶ አንድ ጊኒ እስከ መስጠት የሚደርስም አለ። ፎቶዎቹ ግን ነጥተው ነበር። ምክንያቱንም እዚያው ጽፎታል፤ የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሌንሱ ከሊዮን መጥቷል። ፀሐይ እንደሆነ የሐረር ፀሐይ ነው፤ ሞልቷል። ደንበኛው በር ላይ ቆሟል። ሥራውን ያበላሸው፣ ካሜራው ሲታዘዝ ማንም ያላሰበበት ውሃ ነው። ይህችን ነገር ያዙልን። ፎቶ አንሺ ሁልጊዜ የሚመኘው ሌንስ ነው፤ ፎቶውን የሚያጠፋው ግን ብዙ ጊዜ ከሌንሱ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው።

ከሐረር ፎቶዎቹ ጥቂቶቹ ዛሬም አሉ። አንዱ ላይ የቡና መጫኛ ዳቡላ የሚሠራ ሰው ተቀምጦ እናያለን። የአንሺውን ስም ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የተነሺውን ስም የጻፈው የለም።

ሂርና ያለ ካሜራ

መጽሐፉ አልተጻፈም። በ1885 ራምቦ ካሜራውን እያዘነ እንደ ሸጠው፣ ግን እንዳልከሰረበት ለቤተሰቡ ጻፈ። ነጋዴ ነዋ!

ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በጥር 1887 ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረር ገቡ። ራምቦም በዚያው ዓመት ግንቦት፣ ቦረሊ ከሚባል ፈረንሳዊ ተጓዥ ጋር ከእንጦጦ ተነስቶ ወደ ሐረር ሄደ። መንገዱ በዛሬዋ ምዕራብ ሐረርጌ፣ በኢቱዎች አገር በኩል የሚያልፍ ነበር። በኋላ በጻፈው የጉዞ ዝርዝር ውስጥ ሂርና በስሟ ተጠርታለች። ጫካ አናታቸው ላይ የደፉ ያማሩ ሸለቆዎችን፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚኬድበትን መንገድ፣ የቡና ተክሉን ያነሳል።

በቃ፣ ይኸው ነው። ጥቂት መስመር። ያ ሁሉ ጥላ ሲያልፍ፣ ከአራት ዓመት በፊት ሐረር ላይ ሲሠራ የነበረው ሌንስ ተሸጦ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል። ዛሬ የሂርና ልጅ «የአያቶቼ ጫካ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ራምቦ የሚሰጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ተኩል ነው። ሌንስ መኖሩ ብቻ አይበቃም ማለት ነው፤ በሰዓቱ፣ በቦታው፣ የሚቆይ ሰው እጅ ላይ መሆን አለበት።

ፎቶና ጠባሳ

ከሐረር ራምቦ 15 ዓመት ቀደም ብሎ ሌንስ ወደ አገራችን የገባው ከጦር ጋር ነበር። በ1868 እንግሊዞች መቅደላ ድረስ ሲዘምቱ የጦሩ መሐንዲሶች የፎቶ ክፍል ይዘው ነበር። ከዚያ ዘመቻ በኋላ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ በዘመኑ ስመ ጥር በነበረችው በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ሌንስ ፊት ቀረበ። የልጁን ፊት ዛሬም እናውቀዋለን፤ ያ ያዘነ ፊት ከነስሙ ተቀምጧል።

ከመቅደላ የተወሰደ ሌላም ሕፃን ነበር። እሱን አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው፤ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ፤ ሐኪም ሆነ። ብዙ ዓመት ቆይቶ አገሩ ሲመለስ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ፎቶ የለም። አያቱ የለዩት በሰውነቱ ላይ ባለ ጠባሳ ነው። እኚህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ይህን ከጭሮ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ሐኪም ወርቅነህ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጨርጨር ገዥ ነበሩ፤ መቀመጫቸውም አሰበ ተፈሪ። ከእሳቸው በፊት ጨርጨርን ለሌላው አገር ምሳሌ እንዲሆን አድርገው ሊያስተዳድሩ የተነሱት፣ ከተማዋንም ያቋቋሙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉት፣ የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው። ከተማችን እንዲህ ያሉ ሰዎች የተቀመጡባት ናት። ከነዚህ ሁለት ገዥዎች አንዱ በዘመዶቻቸው የታወቁት በጠባሳ መሆኑን ስናስብ፣ ፎቶ የቅንጦት ዕቃ ነው ለሚሉን መልስ አናጣም።

«ማጠብ» የሚባለው ነገር

በዋና ከተማ ፎቶ ሥራ ሆኖ ሥር የሰደደው በአርመኖች እጅ ነው። ቤድሮስ ቦያጂያን ከምኒልክ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰው እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀዋል። የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ዕቃ የሚመጣበት መንገድ አጠረ። ከጨርጨር ተራራ ወርዶ ሚኤሶ ላይ ባቡሩን ማግኘት ይቻል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን የፎቶ ቤት ዘመን ወላጆቻችን ያውቁታል። የተሳለ መጋረጃ፣ አንድ ወንበር፣ አገጭ ቀና የሚያደርግ የፎቶ አንሺ ጣት። ጥቁርና ነጩ እዚያው ጨለማ ክፍል ውስጥ ይታጠባል። የቀለም ፊልም ሲመጣ ግን ማጠቢያው ማሽን ሆነና ማሽኑ ያለው ትልልቅ ከተማ ሆነ። የትንሽ ከተማ ፎቶ አንሺ ሠርግ አንስቶ ሲያበቃ ጥቅሉን በአውቶቡስ ልኮ ይጠብቃል። ሙሽሮቹም ይጠብቃሉ። ፊልሙ ብርሃን ከገባበት ወይም መንገድ ላይ ከጠፋ ያ ሠርግ ሁለተኛ አይደገስም።

ሌላም ነገር ነበረ። የኮዳክ ቀለም ለብዙ ዓመታት የሚስተካከለው ሸርሊ በሚባል የነጭ ሴት ሥዕል ካርድ ነበር። ጥቁር ፊት በዚያ ልክ ሲታጠብ ጉንጩ ይጨልማል፤ ጥርስና ዓይን ብቻ ይቀራል። ይህም የሌንስ ጥፋት አልነበረም። ለውጡ ይታያችኋል? የሐረር ውሃ ወደ ማሽን ተለወጠ፤ ማሽኑም ወደ ካርድ። ችግሩ ግን ሁልጊዜ ከሌንሱ በስተኋላ ነው።

አሁን ወደ ትንበያው

አንደኛ፦ አዲሱ ሌንስ ለኛ አይደለም፤ ግን ይጠቅመናል። ካነንና ኒኮን በ2018 ያለ መስታወት ወደሚሠራው አዲስ ካሜራ ሲዞሩ፣ ሀብታሙ ዓለም የድሮውን ሌንስ መሸጥ ጀመረ። ያ ከ1990 ጀምሮ የተሸጠው የካነን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8፣ የድሃ ፎቶ አንሺ ወዳጅ፣ ገና ብዙ እጅ ይለውጣል። ከካሜራ ጋር ተሸጦ ከሚመጣው ተራ ሌንስ ጋር አስተያዩት። ያኛው ሲጎትቱት ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል፤ ይህ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። መብራቱ በሚንጨላጨልበት የሠርግ አዳራሽ ይህ ማለት ብዙ ነው።

ሁለተኛ፦ ርካሹ ከቻይና ይመጣል። ዮንግኑዎ የካነኑን 50 መስሎ ሠርቶ ሸጧል፤ ቪልትሮክስም ለአዳዲሶቹ ካሜራዎች እየሠራ ነው። ካነንም ለረጅም ጊዜ በሩን ዘግቶ ቆይቶ፣ በ2024 ሲግማና ታምሮን ለአዲሱ መግጠሚያው የተወሰኑ ሌንሶችን እንዲሠሩ ፈቅዷል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። በዶላር የረከሰ ሌንስ በብር ሊወደድ እንደሚችል ለጭሮ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሦስተኛ፦ ስልኩ ሠርጉን ሙሉ በሙሉ አይወስደውም፤ ጉርድ ፎቶውንና የልደቱን ግን ወስዶታል።

ትንበያችን እዚህ ላይ ያበቃል። ተስፋችን ግን ሌላ ሌንስ ላይ ነው፤ ማንም የማይጠብቀው፣ ከተሠራ የቆየ። ማክሮ የሚሉት፣ ትንሽን ነገር ከቅርብ የሚያነሳ ሌንስ። ለምሳሌ ኒኮን የዛሬ 40 ዓመት ገደማ ይሸጠው የነበረው 55 ሚሊ ሜትር ማይክሮ በእጅ የሚስተካከል ነው፤ በመጋጠሚያ ካሜራ ላይ ከተገጠመ ዛሬም ይሠራል። ከአንድ ነጭ መብራትና ከአንድ ማቆሚያ ጋር ሲሆን፣ የድሮ ኔጋቲቭን እያነሱ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ይቻላል።

ለምን ይህንን መረጥን? በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በሂርና፣ በጭሮ ፎቶ ቤት የነበረው ሰው ሲያረጅ ወይም ሲሞት፣ ልጆቹ ወንበሩንና መጋረጃውን ያነሳሉ። ካርቶን ሙሉ ኔጋቲቭስ? ለዕቃ ቤት እርጥበት ወይም ለቆሻሻ መኪና ነው። እዚያ ካርቶን ውስጥ የአንድ ከተማ ፊት አለ፤ ተማሪው፣ ዘማቹ፣ ሙሽራዋ፣ ከገጠር ለመታወቂያ የመጣው አባት፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የተነሳ ሰው። ይህ ከጠፋ የሚተካው የካነን ማስታወቂያ የለም።

የኛ ዘመን መጥፎ ውሃም እንዳለ አትርሱ። የተሰረቀ ስልክ፣ የማይነሳ ሃርድ ዲስክ፣ በቴሌግራም ሲላክ ተጨምቆ የቀለለ ፎቶ። በፋይል መልክ መላክ እየተቻለ እኛ ለዳታ እንሳሳለን። ወላጆቻችን በዚህ በኩል ይበልጡናል። ከፎቶው ጀርባ «ለማስታወሻ ይሁን» ብለው ስም፣ ከተማና ቀን በእስክሪብቶ ይጽፉ ነበር። የሐረሩ ዳቡላ ሠሪ ያጣው ያንን አንድ መስመር ነው።

ስለዚህ ሌንሱን ጠብቁ፣ ይመጣል፤ ሌንስ ሁልጊዜ ይመጣል። እስኪመጣ ድረስ ግን እናንተ የፎቶ አንሺ ልጆች፣ ያንን ካርቶን ከእርጥብ መሬት አንሱት። ሌሎቻችን ደግሞ በዚህ ሳምንት ወላጆቻችን ጋር እንቀመጥና የቤቱን አልበም እንግለጥ፤ ጀርባው ባዶ የሆነውን ፎቶ ሁሉ «ይሄ ማነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን የሚያውቁት ሳሉ እንጻፈው።