ፈረንሳዮች የሚሸጡት ወይን ጠጅ ብቻ አይደለም፤ እኛስ የመንጌን ስም ምን አደረግነው?

አንድ ቱሪስት ቡርጎኝ ወይም ቦርዶ ሄዶ ለወይን ቅምሻ ጉብኝት ሲከፍል የሚገዛው ምንድን ነው? ሦስት አራት ብርጭቆ ወይን ጠጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሱቅ በርካሽ ያገኘው ነበር። አስጎብኚው ግን እርሻው መሐል ያቆመውና «ይህ ማሳ ስሙ ይህ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሌላ ስም አለው፤ ጣዕማቸውም ይለያያል» ይለዋል። ሰውየው የሚከፍለው ለዚያ ስም ነው። ቡርጎኝ ውስጥ እንዲህ በስም የተለዩ ከ1,200 በላይ ማሳዎች አሉ። ዩኔስኮም በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ያነሳሁት ፈረንሳይን ለማድነቅ አይደለም። ስለ መንጌ ለመናገር ነው። ወደ መንጌ ከመሄዳችን በፊት ግን ፈረንሳዮች እዚህ እንዴት እንደደረሱ እንይ።

ስሙ በሰላም የተገኘ አይደለም። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት የወይን ሥር እየበላች የአገሪቱን እርሻ አወደመች። ምርት ሲጠፋ አጭበርባሪው በዛ። በዘቢብና በስኳር የተሠራ ፈሳሽ «ወይን ጠጅ» እየተባለ፣ ከሌላ ቦታ የመጣው ደግሞ በታዋቂ ቦታ ስም እየተሸጠ ገበሬው ከሰረ። በ1907 የደቡብ ፈረንሳይ ወይን አምራቾች በመቶ ሺዎች አደባባይ ወጡ፤ ናርቦን ላይ ወታደር ተኩሶ ሰው ገደለ። በ1911 ደግሞ የሻምፓኝ ገበሬዎች ከውጭ ወይን እያስመጡ በስማችን ይነግዳሉ ያሏቸውን ነጋዴዎች መጋዘን ሰባበሩ።

መንግሥት ከዚያ በኋላ ነው የነቃው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቬርሳይ ውል ውስጥ ሳይቀር ጀርመን የወይን ጠጅ የቦታ ስሞችን እንድታከብር አንቀጽ አስገቡ። በ1935 የቦታ ስምን የሚጠብቅ አዋጅ ወጣ፤ የሚቆጣጠር ተቋምም ተቋቋመ። የአልዛስ የወይን መንገድ ለጎብኚ የተከፈተው በ1953 ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ጥራት፣ ቀጥሎ ስሙን የሚጠብቅ ሕግ፣ ጉብኝቱ መጨረሻ።

እኛ አገርስ? ወይን ጠጁ አለን። አዋሽ የወንዝ ስም ይዞ፣ ጉደር የከተማ ስም ይዞ ስንት ዓመት ጠርሙስ ላይ ኖረዋል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ደግሞ ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አኬሽያ» የሚሉ ወይን ጠጆች ገበያ ላይ አወጣ። ቦርዶ የለመደ ኩባንያ የስምጥ ሸለቆን ስም ጠርሙስ ላይ የለጠፈው ያለ ምክንያት ይመስላችኋል? የቦታ ስም ገንዘብ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

እኛም አንድ ጊዜ ነቅተን ነበር። መንግሥት በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞ እና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክር ዓለም አቀፍ ዜና ሆኖ በ2007 በስምምነት አለቀ። በስም ተከራክረን ማሸነፍ እንደምንችል ያየነው ያኔ ነው።

አሁን ወደ መንጌ። መንጌ ከአሶሳ በስተሰሜን ያለች የበርታዎች ወረዳ ናት። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ ወይን ጠጅ የሚጠምቅም የሚቀምስም አትፈልጉባት። ያላት ወርቅ ነው። ከዚያም በላይ ስም አላት። ቤኒሻንጉል የሚለው የክልሉ ስም የመጣው «ቤላ ሻንጉል» ከሚባል፣ በመንጌ ተራራ ላይ ካለ የተከበረ ድንጋይ እንደሆነ ይነገራል። አንድ ሙሉ ክልል የሚጠራው በዚህች ወረዳ ድንጋይ ነው ማለት ነው።

ወርቁን የውጭ ሰው ካወቀው ሁለት መቶ ዓመት አልፏል። የግብፁ መሐመድ አሊ ሱዳንን በ1820 ሲወር ከምክንያቶቹ አንዱ የፋዞግሊና የቤኒሻንጉል ወርቅ ነበር። ከልጁ ከኢስማኤል ጦር ጋር ማዕድን ፍለጋ የመጣው ፍሬደሪክ ካዮ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ የተወለደባት ናንት ደግሞ በወይን እርሻ የተከበበች ከተማ ናት። የምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት በ1897 እና 98 ወደ ቤኒሻንጉል ዘመተ፤ በ1902 የድንበር ውል ምድሪቱ የኢትዮጵያ መሆኗ ታወቀ። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌም በወርቅ ይገብሩ ነበር። አዲስ አበባ ያላችሁ ሸጎሌ ብላችሁ የምትጠሩት ሰፈር ስሙ የመጣው ከእሳቸው ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ታሪክ ያለው ወርቅ ዛሬ እንዴት ይሸጣል? በግራም ተመዝኖ፣ ቀልጦ፣ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ። መንጌ የሚለው ቃል እዚያው ሚዛኑ ላይ ይቀራል።

«ወርቅ ጣዕም የለው፣ የትም ቢወጣ ያው ወርቅ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። ግን በባህላዊ መንገድ በማኅበር ተደራጅተው የሚያወጡ የፔሩ ማዕድን ቆፋሪዎች በፌርትሬድ ምልክት ወርቃቸውን ከመነሻው ጋር እየሸጡ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛሉ። ጣዕም ያለው ካስፈለገ ደግሞ የአሶሳ ማንጎ አለ። ስሙ መሐል አገር ድረስ የታወቀ ነው። ነጋዴው ከሌላ ቦታ ያመጣውን «የአሶሳ ነው» ብሎ ቢሸጥ ግን የሚከለክለው ምን አለ? የራሳችን ፊሎክሴራም መጥታለች፦ በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ላይ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ አሶሳ ዞን ደርሷል። ፈረንሳዮች ተባዩን ያሸነፉት ወይናቸውን በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አዳቅለው ነው፤ ተመራማሪና ገበሬ አብረው ሠርተው። እኛ ማንጎው ከደረቀ በኋላ ስሙን ብንመዘግበው ማን ይበላዋል?

የኛ ችግር ከመጨረሻው መጀመራችን ነው። «ቱሪዝም እናስፋፋ» ብለን ባነር እንሰቅላለን፤ ሎጅ እናስባለን። ጎብኚ የሚመጣው ግን ሰላም ሲኖር፣ ምርቱ ሲጠበቅ፣ ስሙም የአምራቹ ሲሆን ነው። የመንጌ ወርቅ ቆፋሪና የአሶሳ ማንጎ ገበሬ በማኅበር ተደራጅተው የቦታቸውን ስም በሕግ የራሳቸው ካላደረጉት ሌላ ሰው ያደርገዋል። የሻምፓኝ ገበሬ መጋዘን እስኪሰብር የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ እዚያ ሳንደርስ በወረቀትና በሕግ ብንጨርሰው ይሻላል። እናንተስ በአካባቢያችሁ ሌላ የሚነግድበት ስም የትኛው ነው?