መረዋ፣ ጎርናና፣ ሰላላ፦ በጣና ዳር ድምፅ ሲመዘን

ገበያ ወጥታ እንስራ የምትገዛ ሴት ዕቃውን ብድግ አድርጋ በጣቷ አንጓ ታንኳኳዋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ዋጋ ትጠይቃለች። ደፈን ያለ፣ የታመመ ድምፅ ከሰጠ ግን ሸክላ ሠሪዋ የፈለገችውን ያህል ብትምል መልሳ ታስቀምጠዋለች። ስንጥቁን ዓይን ላያየው ይችላል፤ ጆሮ ግን ያገኘዋል። በባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያም ሆነ በጎጃምና በጎንደር የገጠር ገበያ ይህ የተለመደ ነገር ነው፤ ማንም እንደ ልዩ ሙያ አይቆጥረውም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን ኢን-ኢር ሞኒተር ስለሚባሉት፣ ጆሮ ውስጥ ገብተው ስለሚሰኩት ውድ ኤርፎኖች የሚጻፈውን ሳነብ ነበር። አንዳንዶቹ ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠየቅባቸዋል፤ ወደ ብር ሲመነዘር ቁጥሩን መጻፉ ራሱ ያሳፍራል። ገምጋሚዎቹ ሥራቸውን ሁልጊዜ ለሁለት ይከፍሉታል። መጀመሪያ «አሠራር» ብለው ስለ ቀፎው፣ ስለ ገመዱና ስለ ማኅደሩ ያወራሉ፤ ከዚያ «ድምፅ» ብለው ሌላ ምዕራፍ ይከፍታሉ። እንስራ ገዢዋ ይህ አከፋፈል አይገባትም። ለእርሷ ድምፁ የአሠራሩ ምስክር ነው። የጣና ዳር ሰውም ድምፅ የሚሰጠውን ዕቃ ሲመዝን የኖረው በእርሷ መንገድ ነው። ታዲያ ያንን ሚዛን ይዘን ወደነዚህ ትንንሽ መሣሪያዎች ብንሄድ ምን እናገኛለን?

ከድንጋዩ እንጀምር። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገረ እንግዳ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲደርስ የሚቸኩለው ወደ መቅደሱ ሥዕል ነው። እውነቱን ነው፣ ሥዕሉ ያስቸኩላል። ግቢው ውስጥ የተንጠለጠሉትን ጠፍጣፋ ድንጋዮች ግን ብዙው ሰው አይቶ ያልፋቸዋል። ደወሎች ናቸው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን በቆየበት ጊዜ የቤተ ክርስቲያኖቻችን ደወል ድንጋይ መሆኑን አይቶ ጽፏል፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታትሟል። የብረት ደወል ከተስፋፋም በኋላ የድንጋዩ ከቦታው አልተነቀለም።

ጣና የተኛበት ምድር የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፤ ሐይቁን በደቡብ በኩል የገደበው ራሱ ፈስሶ የረጋ የቀለጠ አለት ነው። እንዲህ ባለ አገር ድንጋይ አይጠፋም። ድንጋይ ሁሉ ግን አይጮህም። ጥቅጥቅ ያለ፣ የላመና ውስጡ ስንጥቅ የሌለበት መሆን አለበት፤ ይህን ደግሞ ከመምታት በቀር በምንም አታውቀውም። መምረጡ ብቻም አይበቃም። ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ነገር ሲመታ መላ አካሉ እኩል አይንቀጠቀጥም፤ ከሁለቱም ጫፎች ከርዝመቱ 22 በመቶ ያህል ገባ ብለው ያሉት ሁለት ቦታዎች ጸጥ ይላሉ። ገመዱ እዚያ ላይ ከታሰረ ድምፁ ይረዝማል። ሌላ ቦታ ከታሰረ ገመዱ ድምፁን ያንቀዋል። ያው ድንጋይ፣ ያው መቺ፣ ልዩነቱ ያለው አያያዙ ላይ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ስለ ኤርፎን ስናወራ ይመለሳል።

አማርኛም ለድምፅ ትልቁን ሙገሳ ያገኘው ከደወል ነው። መረዋ ማለት ደወል ነው፤ አንዱን ዘፋኝ «ድምፀ መረዋ» ስንለው ስንጥቅ እንደሌለበት ደወል ይጮሃል ማለታችን ነው። ሌሎቹም ቃሎቻችን እንዲሁ አካል አላቸው። ጎርናና ድምፅ ከደረት የሚወጣ፣ ወፍራም ነው። ሰላላ ድምፅ ሥጋ የለውም። ሻካራ አለ፣ ስርቅርቅ አለ። የኤርፎን ገምጋሚው ደግሞ «ሞቃት»፣ «ብሩህ»፣ «ጨለም ያለ» ይላል፤ የእኛ ልጆችም እርሱን ተከትለው ያንኑ ይደግማሉ። ድምፅ እንዴት ነው የሚሞቀው? እኔ እንጃ። ሰላላ የሚለው ግን ወዲያው ይገባኛል፤ ምን እንደጎደለው ይነግረኛልና።

ይህ ጆሮ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እስኪያበጁ ድረስ የያሬድ ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ምልክቱ አስታዋሽ እንጂ አስተማሪ አልሆነም። የቤተልሔም፣ የቆማና የአጫብር ዜማ ልዩነት በጆሮ የሚለይ ነው። ሐይቁን ከሁለት በኩል የከበቡት ጎጃምና ጎንደር ተማሪው ይህን ልዩነት ለመስማት ዓመታት የሚከፍልበት አገር ነው።

አሁን ወደ በገና። ስለ ድምፅና አሠራር አንድነት ከእርሱ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። በገና 10 አውታር አለው፤ አውታሩ ከአንጀት ይፈተላል። ደርዳሪው የሚመታው አምስት ወይም ስድስቱን ነው፤ የቀሩት ጣት ማረፊያ ይሆናሉ። አውታሮቹ ረጃጅምና ላላ ያሉ ስለሆኑ መሠረታዊ ድምፃቸው በጣም ጥልቅ ነው፤ እንዲሁ ቢተዉ ከአንድ ክፍል ጥግ እስከ ጥግ በቅጡ አይሰሙም። መላው እንዚራ ነው። እንዚራ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። አውታሩ ሲመታ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ይነዝራል፤ ንዝረቱ የጥልቁን ድምፅ ጉልበት ወደ ላይኛዎቹ፣ ጆሮ አጥርቶ ወደሚሰማቸው ድምፆች ይበትነዋል። ያ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርመው ነገር ይኸው ነው። ቆዳውን ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ስትገፋው ንዝረቱ ይጠፋል ወይም ይበላሻል። ደርዳሪው ቅኝቱን ከጨረሰ በኋላ ቁጭ ብሎ እንዚራውን በየተራ ሲያስተካክል ብታዩት የሰዓት ሠሪ ትዕግሥት አለው።

በገናው በደርዳሪው አካል ላይ ተደግፎ ስለሚቆም ድምፁ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በአጥንቱም ይገባል። አድማጩ ከሚሰማው በገና ደርዳሪው የሚሰማው ይለያል። ጆሮውን ስለዘጋ ሰው ስናወራ ይህም ይጠቅመናል።

ድምፅ ከአካሉ የተለየው እንግዲህ መቅረጽ ሲመጣ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ማይክሮፎን ገና ለዚህ ሥራ አልደረሰም። በቀንድ መሰል ቱቦ ፊት ቆሞ መዝፈን ነበር፤ የድምፁ ግፊት ራሱ መርፌውን ይነዳል። እንዲህ ያለው ቀረጻ መካከሉን ይይዛል እንጂ ከታች ያለውን ጥልቁን፣ ከላይ ያለውን ስሱን ይጥላል። ማንኛውም ድምፅ ሰላላ ይሆናል። በኤሌክትሪክ መቅረጽ በ1925 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ በኋላ ክልሉ ሰፋ። እኛ ዘንድ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ ቀጥሎ የካሴት ዘመን መጣ።

ካሴት አገሩን ሁሉ ሙዚቃ ያጠገበ ባለውለታ ነው። ነገር ግን ከካሴት ካሴት ሲገለበጥ በመጀመሪያ የሚሞተው ስሱ የላይኛው ድምፅ ነው፤ የመሰንቆው የፈረስ ጭራ ፍትግታ፣ የእንዚራው የጠርዝ ንዝረት፣ የጸናጽሉ ሽውታ ያለው እዚያ ነው። በሦስተኛው ግልባጭ ላይ መሰንቆ እንደ ፉጨት ይሰማል። በኋላ ደግሞ ሙዚቃ ቤቶች በሚሞሪ ካርድ የሚጭኑት ክፉኛ የታመቀ ፋይል መጣ፤ እርሱም የሚቆርጠው ያንኑ ጫፍ ነው። በገና በዚህ ላይ ሌላ ዕጣም ነበረበት፤ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ መንፈሳዊ ነው ተብሎ ከሬዲዮ ራቀ። ዓለሙ አጋን የመሰሉ ደርዳሪዎች ሙያውን ባያቆዩልን ዛሬ በጥራት የተቀረጸ በገና ፍለጋ የምንደክም ነበርን።

ጆሮ ውስጥ የሚገባው መሣሪያ ታሪኩ የሚጀምረው ከስልክና ከመስማት ማገዣ ነው። ባላንስድ አርማቸር የሚባለው ክፍል በማግኔት መካከል የምትወዛወዝ ትንሽ የብረት ምላስ ናት፤ የመስማት ማገዣ ሠሪዎች አሳንሰው አሳንሰው የሩዝ ፍሬ አከሏት። አሜሪካዊው ሚድ ኪሊዮን በ1991 እ.ኤ.አ. በኢቲሞቲክ ኩባንያው በኩል ያወጣው ኢአር-4 ይህችን ምላስ ለሙዚቃ አዋለ። በ1995 ደግሞ የቫን ሄለን ባንድ የድምፅ ባለሙያ የነበረው ጄሪ ሃርቪ አልቲሜት ኢርስን አቋቋመ፤ ዓላማው መድረክ ላይ በጩኸት ራሳቸውን መስማት ላቃታቸው ሙዚቀኞች መላ መፈለግ ነበር። «ሞኒተር» የሚለው ስምም ከመድረኩ የመጣ ነው።

አሠራሩ ላይ አንድ ችግር አለ። የጆሯችን ቦይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም፣ በአንድ በኩል የተዘጋ ቱቦ ነው፤ እንደ ዋሽንት የራሱ ድምፅ አለው። በ3,000 ኸርዝ ገደማ ያለውን ሁሉ ያጎላል። ኤርፎን ሲሰካበት ቱቦው ይለወጣል፣ ያ ማጉላት ይጠፋል፤ ስለዚህ ሠሪው ከጆሮ የወሰደውን መልሶ በመሣሪያው መተካት አለበት። ምን ያህል ይተካ? ክርክሩ ሁሉ እዚህ ነው። የሀርማን ኩባንያ ተመራማሪዎች በ2010ዎቹ አድማጭ ሰብስበው የትኛውን ሚዛን እንደሚወዱ ጠይቀው ዛሬ ብዙው ሠሪ የሚከተለውን መስመር አወጡ። ሥራው የሚናቅ አይደለም። የተፈተነው ግን በብዛት በምዕራቡ ፖፕና ሮክ ነው፤ በእንዚራ አልተፈተነም።

እኔ ስመዝን በሦስት ነገር ነው። በመጀመሪያ ከበሮ። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ አንዱ አፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ ነው፤ የሰፊው ጉምታ ሳያልቅ የጠባቡ ምት ይመጣል። ጥሩ ኤርፎን ሁለቱን ለያይቶ ያሰማል፤ መጥፎው ጉምታውን እንደ ጭቃ ያለብሰዋል። ቀጥሎ መሰንቆ፦ ደጋኑ አቅጣጫ ሲቀይር ያለችው ቅጽበት ትሰማለች ወይስ ድምፁ እንዲሁ ይፈስሳል? በመጨረሻ በገና። እዚህ ላይ ብዙ ውድ ዕቃ ይወድቃል። አንዳንዱ ጥልቁን ሰጥቶ ንዝረቱን ያደበዝዛል፤ ሌላው ንዝረቱን ከአውታሩ ነጥሎ ጎን ለጎን የተቀመጠ የዝንብ ድምፅ ያስመስለዋል። ጎርናናውና ንዝረቱ ከአንድ አካል መውጣታቸው ካልተሰማ ያ በገና አይደለም። በአንድ ቀፎ ውስጥ ስምንት፣ ዐሥር አርማቸር ደርድረው ቁጥሩን የሚሸጡልንን ሠሪዎች የምጠራጠረው ለዚህ ነው፤ ለየድርሻው የተከፋፈለ ድምፅ መጋጠሚያው ላይ ይታወቃል። አንድ በደንብ የተሠራ ዳይናሚክ ብዙ ጊዜ በገናን ይበልጥ አንድ አድርጎ ያቀርበዋል።

ድንጋዩ የሚመለሰው እዚህ ነው። የኤርፎን ድምፅ እንደ ደወሉ አያያዙ ላይ ይወሰናል። የላስቲኩ ጫፍ ቦዩን አጥብቆ ካልዘጋ ጥልቁ ድምፅ አምልጦ 1,000 ዶላሩ ሰላላ ሆኖ ይቀራል። ቀፎው ቲታኒየም ይሁን ሬዚን፣ ከጆሮ ቅርጽ ጋር ካልተስማማ ዋጋ የለውም። አፉ ላይ ያለችው ወንፊት በኩክ ስትደፈን አንዱ ጎን ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ባለቤቱም ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ገመዱ የሚነቀል መሆኑም ቅንጦት አይደለም፤ መጀመሪያ የሚበጠሰው እርሱ ነውና።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የመሣሪያው የትውልድ ቦታ፣ መድረኩ ነው። የባሕር ዳር አዝማሪ ቤቶች ዛሬ ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ አላቸው፤ አዝማሪውም እንደ ማንኛውም ሙዚቀኛ ራሱን መስማት ይቸግረዋል። ጆሮው ላይ ሞኒተር ይሰካ? መሰንቆውን አጥርቶ ይሰማል፣ ልክ ነው። ግን «ተቀበል!» ብሎ ከጥግ ግጥም የሚወረውርለትን እንግዳ በምን ይሰማዋል? አዝማሪ ግማሽ ሥራው መስማት ነው፤ የሰማውን ስንኝ ወዲያው በዜማ ይመልሳል። በተዘጋ ጆሮ ደግሞ የራሱ ድምፅ በአጥንቱ እየመጣ ጭንቅላቱ ውስጥ ይጎረናል። በውጭ መድረክ ለዚህ ሲባል የታዳሚውን ድምፅ የሚይዝ ማይክሮፎን ወደ ሞኒተሩ ይቀላቅላሉ። ያ የሌለው ዘፋኝ የሚያደርገው አንዱን ጆሮ መንቀል ነው። ሲነቅለው በቀረው ጆሮ ያለው ድምፅ ያነሰ ይመስለዋልና እንዲጨመርለት ለድምፅ ባለሙያው በእጁ ምልክት ይሰጣል። የሥራ ጤና ባለሙያዎች 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይበቃል ይላሉ፤ በየሦስት ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት። የአዝማሪ ቤት ሌሊት ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው።