አነስተኛ የዌብ መተግበሪያን በዌብ ሰርቨር ማስተናገድ

ዌብ ሰርቨር (የድር አገልጋይ) በኤችቲቲፒ ደንብ የሚመጡ ጥያቄዎችን ተቀብሎ ገጽ፣ ምስል ወይም ሌላ ዳታ የሚመልስ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ የተጫነበት ኮምፒውተርም በዚሁ ስም ይጠራል። አነስተኛ የዌብ መተግበሪያን ማስተናገድ ማለት በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ የሚሠራን ፕሮግራም፣ ላፕቶፑ ቢዘጋም ሌሎች ሰዎች በአድራሻው ሊከፍቱት በሚችሉበት ማሽን ላይ አዋቅሮ ማስቀመጥ ነው።

ይህ ጽሑፍ በወልቂጤ ሊሠራ የሚችል አንድ መተግበሪያን ለምሳሌነት ይወስዳል፦ የጉራጌ ቋንቋዎችን ቃላት ከአማርኛ ፍቺያቸው ጋር የያዘ፣ ተጠቃሚዎችም ቃልና የድምፅ ቅጂ የሚጨምሩበት መዝገበ ቃላት። ለእነዚህ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ አንዳንድ ሆሄያት ለአማርኛ ብቻ ሲባል የማይደረግ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ጥንቃቄው ከጎደለ ሆሄያቱ ከመዝገቡ ይጠፋሉ።

ከላፕቶፕ ወደ ሰርቨር

ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጉብርዬ ላይ ነው። እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የኮምፒውተር ትምህርት ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው መተግበሪያ ይሠራሉ። የተለመደው መንገድ ዛምፕ የተባለውን ጥቅል ዊንዶውስ ላይ መጫን ነው፤ ጥቅሉ አፓቺ የተባለውን ዌብ ሰርቨር፣ የፒኤችፒ ቋንቋንና ዳታቤዝን በአንድ ላይ ይዞ ይመጣል። ገጹ የሚከፈተው «ሎካልሆስት» በሚለው ስም ነው። ይህ ስም ማንኛውም ኮምፒውተር ራሱን የሚጠራበት ስለሆነ ከጎን ባለው ኮምፒውተር ላይ ቢጻፍ ያንኑ የጎኑን ኮምፒውተር እንጂ የተማሪውን ላፕቶፕ አይከፍትም። ብዙ ጥሩ ሥራ ከመመረቂያው ቀን አልፎ የማይኖረው ከዚህ ደረጃ ሳይወጣ ስለሚቀር ነው።

ማሽኑ የት ይቀመጥ

ሰርቨር ሁልጊዜ የሚበራ፣ ሁልጊዜ ከኔትወርክ ጋር የተገናኘና ከውጭ የሚታይ የአይፒ አድራሻ ያለው ማሽን ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ብዙውን ጊዜ ይህን ሦስተኛውን አያሟላም፤ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ስለሚጋሩ ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ ወደ የትኛው ስልክ ወይም ላፕቶፕ መሄድ እንዳለበት የሚታወቅበት መንገድ የለም።

በተግባር ሦስት ምርጫዎች አሉ። አንዱ በተቋሙ የራሱ ዳታ ሴንተር ውስጥ ቦታ ማግኘት ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ካሉ አቅራቢዎች፣ ሦስተኛው ደግሞ ከውጭ አገር ኩባንያ ምናባዊ ሰርቨር መከራየት ነው። የውጭው ለመጀመር ፈጣን ቢሆንም ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ የብር ሒሳብ ብቻ ላለው ተማሪ ትልቁ እንቅፋት ቴክኒኩ ሳይሆን ካርዱ ነው። ተጠቃሚዎች በስማቸውና በስልክ ቁጥራቸው የሚመዘገቡ ከሆነም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዳታ ወደ ውጭ አገር የሚተላለፍበትን ሁኔታ ስለሚደነግግ አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

የአገር ውስጥ ማሽን ሌላም ጥቅም አለው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ዘግቶ ቆይቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በግቢ ውስጥ ያለ ሰርቨር በግቢው ኔትወርክ ላሉ ሰዎች መሥራቱን ይቀጥላል፤ ውጭ አገር ያለው ግን አገር ውስጥ ላለ ተጠቃሚ የለም ማለት ነው። ለመዝገበ ቃላቱ የግቢው ምርጫ፣ ቦታ ከተገኘ፣ የተሻለ ይመስላል።

ከፊትና ከኋላ

በአነስተኛ መተግበሪያ ላይ ሁለት ፕሮግራሞች ተከታትለው ይሠራሉ። ከፊት ያለው ዌብ ሰርቨሩ ነው፤ በስፋት የሚታወቁት እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አፓቺና በ2004 ለሕዝብ የቀረበው፣ ኢጎር ሲሶየቭ የጻፈው ኤንጂንክስ ናቸው። ከኋላ ያለው መተግበሪያው ራሱ ነው። መተግበሪያው ለምሳሌ በፓይተን ከተጻፈ በ127.0.0.1 አድራሻ በፖርት 8000 ብቻ እንዲያዳምጥ ይደረጋል። ይህ አድራሻ ከማሽኑ ውጭ ስለማይደረስበት ከውጭ የሚመጣ ሁሉ በዌብ ሰርቨሩ በኩል ማለፍ ግዴታው ይሆናል።

በኤንጂንክስ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የሚጻፈው ጥቂት ነው፦ የሚያዳምጥበት ፖርት፣ የሚመልስለት የዶሜን ስም፣ እንደ ምስልና ፎንት ያሉ ቋሚ ፋይሎች የሚገኙበት ማኅደር፣ የቀረውም ጥያቄ ወደ ፖርት 8000 እንዲተላለፍ የሚያዝ መስመር። ሲያስተላልፍ የጎብኚውን እውነተኛ አድራሻና የተጠየቀውን የዶሜን ስም አብሮ እንዲልክ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ለመተግበሪያው ጎብኚው ሁሉ ከዚያው ማሽን የመጣ ይመስለዋል። ፋይሉ ከተለወጠ በኋላ ኤንጂንክስ ስሕተት መኖሩን የሚፈትሽበት የራሱ ትእዛዝ አለው። ፍተሻው ሳይደረግ ሰርቨሩን ማስነሳት አንዲት ሴሚኮለን በጎደለች ጊዜ ሙሉ ገጹን ያቆማል።

ሁለት ነገሮች ጀማሪውን ደጋግመው ግራ ያጋባሉ። ኤንጂንክስ ካልተነገረው በቀር ከ1 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ተጠቃሚ የድምፅ ቅጂ ሲጭን 413 የሚል ስሕተት የሚመጣው ለዚህ ነው። 502 የሚለው ቁጥር ደግሞ ዌብ ሰርቨሩ በሕይወት አለ፣ ከኋላው ያለው መተግበሪያ ግን ትክክለኛ መልስ አልሰጠም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ መተግበሪያው ቆሞ ይገኛል፤ ስለዚህ ምክንያቱ በኤንጂንክስ ፋይል ውስጥ ሳይሆን በመተግበሪያው መዝገብ (ሎግ) ውስጥ ይፈለጋል።

ፋየርዎሉ የሚከፍተው ሦስት ፖርቶችን ብቻ ነው፦ 80ን፣ 443ንና ለአስተዳዳሪው የርቀት መግቢያ 22ን። የዳታቤዙ ፖርት 3306 ለውጭ ፈጽሞ አይከፈትም።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ

መተግበሪያን ከትእዛዝ መስኮት በእጅ ማስነሳት ለሙከራ ይበቃል። መስኮቱ ሲዘጋ ወይም መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይጠፋል፤ መብራቱ ሌሊት ቢመለስ የሚያስነሳው የለም። በሊኑክስ ላይ ይህን ሥራ ሲስተምዲ ይወስዳል። ለመተግበሪያው አጭር የአገልግሎት ፋይል ይጻፍለታል፦ በየትኛው ተጠቃሚ ስም እንደሚሠራ (ሁሉን በሚችለው በሩት ስም መሆን የለበትም)፣ ከወደቀ እንደገና እንዲነሳ፣ ማሽኑ ሲበራም አብሮ እንዲነሳ። የኋለኛው ለብቻው የሚሰጥ ትእዛዝ ስለሆነ በቀላሉ ይረሳል። ትክክል መሠራቱን ማረጋገጫው አንድ ነው፤ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራትና ምንም ሳይነኩ ገጹ በስልክ መከፈቱን ማየት።

ፊደሉና ዳታቤዙ

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በሥሪት 3.0፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል፤ «ጉራጌ» የሚለው ቃል 9 ባይት ነው ማለት ነው። በ2005 በሥሪት 4.1 ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያገለግሉ እንደ ᎀ፣ ᎄ እና ᎈ ያሉ ሆሄያት ተጨመሩ፤ እነዚህም 3 ባይት ናቸው። በ2021 በሥሪት 14 ለጉራጌ ቋንቋዎች 28 ሆሄያት እንደገና ሲጨመሩ ግን በቀድሞው ሰፈር ቦታ ስላልነበረ ከመጀመሪያዎቹ 65,536 ቁጥሮች ውጭ ተቀመጡ። በዚህም ምክንያት እያንዳንዳቸው 4 ባይት ይፈልጋሉ።

ችግሩ የሚነሳው ከዚህ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ለረጅም ጊዜ «ዩቲኤፍ8» ብሎ ሲጠራው የኖረው አጻጻፍ ከ3 ባይት በላይ የማይዝ ጎዶሎ ነበር። አማርኛ ሁሉ በ3 ባይት ስለሚያልቅ በአማርኛ ብቻ የሞከረው ሰው ጉድለቱን አያይም። ከ28ቱ ሆሄያት አንዱ ሲገባ ዳታቤዙ ጥብቅ ከሆነ ስሕተት ይመልሳል፤ ጥብቅ ካልሆነ ደግሞ ጽሑፉን እዚያው ሆሄ ላይ ቆርጦ የቀረውን ይጥላል። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ቃሉ የገባ መስሎ ይታያልና። መፍትሔው «ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4» የተባለውን ሙሉ አጻጻፍ መምረጥ ነው። በ2018 ከወጣው ሥሪት 8.0 ጀምሮ ነባሪው ይኸው ሲሆን ከዚያ በፊት ነባሪው አማርኛን ጨርሶ የማይዘው ላቲን-1 ነበር።

ምርጫው በሦስት ቦታ መደረግ አለበት፦ በሠንጠረዡ፣ መተግበሪያው ከዳታቤዙ ጋር በሚገናኝበት መስመርና ዌብ ሰርቨሩ ለአሳሹ በሚልከው የገጽ መግለጫ። የስሕተቱ መልክ ቦታውን ይጠቁማል። ገጹ በተመሰቃቀሉ የላቲን ምልክቶች ከተሞላ ባይቶቹ አሉ፣ የተነበቡት ግን በሌላ አጻጻፍ ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ይታረማል። በዳታቤዙ ውስጥ የጥያቄ ምልክቶች ብቻ ከተገኙ ግን ሆሄው ሲጻፍ ጠፍቷል፤ ከዚያ መልሶ የሚያወጣው መንገድ የለም።

የቃላት ንጽጽር ደንቡም ሊታይ ይገባዋል። «ጀነራል» በሚለው አሮጌ ደንብ 4 ባይት የሚይዙ ሆሄያት ሁሉ እኩል ተደርገው ይቆጠራሉ። በአንድ ሆሄ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቃላት አንድ ናቸው ተብለው ሁለተኛው «አስቀድሞ ተመዝግቧል» ሊባል ይችላል፤ ለመዝገበ ቃላት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። የብዙ ስልኮች ፎንትም አዲሶቹን ሆሄያት ስለማይይዝ ባዶ ሣጥን ይታያል። ስለዚህ ፎንቱን ከገጹ ጋር ሰርቨሩ ራሱ ቢያቀርበው ይመረጣል።

ኤችቲቲፒኤስ

ያለ ኤችቲቲፒኤስ የይለፍ ቃል በግቢው ዋይፋይ ላይ ሳይመሰጠር ያልፋል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ተቋም ከ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሰርተፊኬት በነፃ ለሕዝብ ሲሰጥ ቆይቷል። የተለመደው ሰርተፊኬት ለ90 ቀን ስለሆነ ዕድሳቱ በራሱ እንዲሠራ ይደረጋል። ተቋሙ የዶሜኑን ባለቤትነት የሚያረጋግጠው በአብዛኛው ከውጭ በፖርት 80 ገብቶ ነው። በግቢ ውስጥ ብቻ ለሚታይ ሰርቨር ይህ ስለማይሆን ማረጋገጫው በዶሜኑ መዝገብ ላይ በሚጻፍ መስመር ይሰጣል። ለዚህ ደግሞ የዶሜኑን መዝገብ የሚያስተዳድረው ሰው ትብብር ያስፈልጋል፤ ኢቲ በሚለው የአገሪቱ መለያ ሥር ያሉ ዶሜኖችን የሚመዘግበው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

መጠባበቂያ ቅጂ

የዳታቤዙ ቅጂ በየቀኑ ተወስዶ በሌላ ማሽን ይቀመጣል፤ በዚያው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ቅጂ ከዲስኩ ጋር ይሞታል። የድምፅ ቅጂዎቹ ከዳታቤዙ ውጭ በማኅደር ስለሚቀመጡ ለብቻቸው መገልበጥ አለባቸው። የማይኤስኪውኤል ቅጂ ማውጫ ትእዛዝም ከሥሪት 8.0 በፊት ነባሪው ያው ባለ 3 ባይቱ አጻጻፍ ነው። ሠንጠረዡ በትክክል የያዛቸውን ሆሄያት ቅጂው ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጣቸዋል፤ ትእዛዙ ግን ያለ ስሕተት ይጠናቀቃል። በመሆኑም ቅጂው በሌላ ዳታቤዝ ላይ ተመልሶ ተጭኖ፣ ከ28ቱ ሆሄያት አንዱን የያዘ ቃል ተፈልጎ መገኘቱ መታየት አለበት።