የጤና ምርምር ወጪ ከማን ኪስ ይወጣል?

አንድ መድኃኒት ፋርማሲ ከመድረሱ በፊት ለዓመታት ጥናት ይደረግበታል። ታዲያ ወጪውን ማነው የሚሸፍነው? በአጭሩ እንንገራችሁ።

የመድኃኒት ኩባንያ ትርፍ የሚያስገኝለትን በሽታ ያስቀድማል። የድሃ በሽታ አትራፊ ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የመንግሥትና የለጋሾች ገንዘብ ነው።

የቅርባችንን ምሳሌ እንይ። አዲስ አበባ፣ አለርት ግቢ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት (አህሪ) እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ነው። ዓላማው የሥጋ ደዌን ማጥናት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በጤና ሚኒስቴር ሥር ሆነ። ዛሬ ቲቢንና ወባንም ያጠናል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ባማኮ ላይ የተሰበሰቡ ሚኒስትሮች፣ አገሮች ከጤና ሚኒስቴር በጀታቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለምርምር እንዲመድቡ ጥሪ አቅርበው ነበር። ከመቶ ብር ሁለት ብር ማለት ነው።

ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን የትኛው በሽታ ይጠና የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ከፋዩ ነው። ለጋሽ ፊቱን ሲያዞር ደግሞ የተጀመረ ጥናት መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በጀት ሲጸድቅ «ለምርምር ስንት ተያዘ?» ብለን እንጠይቅ።